ጥይት፣ አረር፣ ቀለህ፤ በአንድ የትርጉም ረቂቅ ላይ የቀረበ የቃላት ትችት

የሙያ ጽሑፍ ወደ አማርኛ የሚመልስ ሰው ከሁሉ አስቀድሞ የሚያማርረው በቃል እጥረት ነው። ይህ ምሬት ከፊሉ እውነት፣ ከፊሉ ደግሞ ማመካኛ ነው። ብዙ ጊዜ ቃሉ በሕዝብ አፍ እያለ ተርጓሚው ሳይፈልገው ይቀራል፤ ወይም አንዱን ቃል ለሦስትና ለአራት ነገር ያውለውና እጥረቱን ራሱ ይፈጥረዋል። በቅርቡ ለአስተያየት በእጄ የገባው አንድ ያልታተመ ረቂቅ ይህን በሚገባ ስለሚያሳይ፣ በዚህ ጽሑፍ ልተቸው ፈልጌአለሁ። የተርጓሚውን ስም መጥቀስ አስፈላጊ አይደለም። ስሕተቱ የእርሱ ብቻ ሳይሆን የብዙዎቻችን ነውና።

ረቂቁ በአሜሪካ ለሚኖሩ አማርኛ ተናጋሪዎች ታስቦ ከእንግሊዝኛ የተመለሰ መመሪያ ነው። የሚያስረዳውም .38 ስፔሻል የተባለው የታወቀ የሪቮልቨር ጥይት ከተተኮሰ በኋላ፣ ባዶው ቀለህ ተሰብስቦ በእርሳስ አረር እንደገና እንዴት እንደሚሞላ ነው። ሥራው በዚያ አገር የኢላማ ተኳሾች ወጪ ለመቀነስና ለመሣሪያቸው የሚስማማውን ልክ ለማግኘት ሲሉ በየቤታቸው የሚሠሩት የቆየ ሙያ ነው። ይህ ሥራ ለኛ የመዝገበ ቃላት ባለሙያዎች ምን ያገባናል የሚል አንባቢ ይኖር ይሆናል። መልሱ ቀላል ነው። የወንጀል ምርመራ ዘገባ የሚጽፍ፣ በፍርድ ቤት የሚያስተረጉም፣ ያለፈውን የጦርነት ታሪክ የሚዘግብ፣ ሁሉም የሚጠቀሙት በእነዚሁ ቃላት ነው። ከዚህም በላይ እዚህ የተበላሸ ቃል የሚያስከትለው ጉዳት የአንባቢን እጅና ዓይን የሚነካ ነው።

1. አንድ ቃል ለሦስት ነገር

አንድ ሙሉ ጥይት አራት ክፍሎች አሉት። እነርሱም ከናስ የተሠራው ቀለህ፣ በቀለሁ ግርጌ ተቀምጦ ሲመታ እሳት የሚሰጠው ትንሽ ለኳሽ፣ በውስጡ ያለው ባሩድ፣ በአፉ ላይ ተሰክቶ ወደ ዒላማው የሚሄደው አረር ናቸው። ረቂቁ ግን እንዲህ ይላል፦ «ጥይቱን ካጸዱ በኋላ ባሩዱን ይጨምሩ፤ ከዚያም ጥይቱን በጥይቱ ላይ አድርገው ይጫኑ፤ ጥይቱ ዝግጁ ነው።» በዚህ አንድ ዐረፍተ ነገር ውስጥ ጥይት አራት ጊዜ ተጠቅሷል። መጀመሪያ ቀለህ ነው፤ ቀጥሎ አረር ነው፤ እንደገና ቀለህ ይሆናል፤ በመጨረሻም ሙሉው ጥይት ነው። እንግሊዝኛው ግን ለሦስቱ ነገሮች ሦስት የተለያዩ ቃላት ነበሩት።

እርግጥ የዕለት ተዕለቱ አማርኛ ይህን ይፈቅዳል። «ጥይት ገዛ» ስንል ሙሉውን፣ «ጥይት መታው» ስንል አረሩን፣ «ጥይት ጮኸ» ስንል ድምፁን ማለታችን ነው። አድማጩም ከዐውዱ ይረዳል። በሌሎች ቋንቋዎችም ቢሆን ልማዱ ከዚህ የራቀ አይደለም። እንግሊዝኛ ተናጋሪውም በተራ ንግግሩ የአረሩን ስም ለሙሉው ጥይት ይሰጣል፤ የሙያው ጸሐፊዎች ግን ይህን አጥብቀው ይነቅፋሉ። ልዩነቱ ያለው በንግግርና በመመሪያ መካከል ነው። መመሪያ የሚያነበው ሰው ዐውዱን ገና የማያውቅ ነውና ከዐውድ ይረዳዋል ብሎ መተው አይቻልም።

ተርጓሚው ለምን አረር የሚለውን እንዳልተጠቀመ ብጠይቀው፣ ቃሉ የግጥምና የፉከራ ነው፣ ዛሬ የሚሰማውም «የአረር ናዳ» በሚለው ዓይነት አነጋገር ብቻ ነው የሚል መልስ ሰጠኝ። ይህ ቃሉን ለመተው በቂ ምክንያት አይመስለኝም። ዐረር በግዕዝ የብረቱ የእርሳስ ስም ነው። በአማርኛም ከብረቱ ወደሚተኮሰው ፍሬ ተሻገረ፤ ምክንያቱም የጥንቱ ጠመንጃ የሚተኩሰው ድቡልቡል እርሳስ ነበር። ዐረብኛም ይህንኑ መንገድ ሄዷል። እርሳስ የሚለው ቃላችን የተገኘበት ረሳስ የተባለው ስም በዚያ ቋንቋ ብረቱንም የሚተኮሰውንም ይጠራል። እንግዲህ አረር ማለት ከጥይቱ ሁሉ ተለይቶ የሚሄደው ክፍል ነው፤ የተፈለገው ጽንሰ ሐሳብም ይኸው ነው።

እንዲህ ከሆነ «የእርሳስ አረር» ማለት «የእርሳስ እርሳስ» ማለት አይሆንም ወይ የሚል ጥያቄ ይነሣ ይሆናል። አይሆንም። የቃሉ ፍቺ ከብረቱ ተላቆ ወደ ዕቃው ተዛውሯል፤ ዛሬ መዳብ የለበሰም አረር አለ። ብር መጀመሪያ የማዕድኑ ስም ነበር፤ ዛሬ «የወረቀት ብር» ሲባል የሚሥቅ የለም። ስለዚህ ከላይ የተጠቀሰው ዐረፍተ ነገር «ቀለሁን ካጸዱ በኋላ ባሩዱን ይጨምሩ፤ ከዚያም አረሩን በቀለሁ አፍ ላይ አድርገው ይጫኑ፤ ጥይቱ ዝግጁ ነው» ቢባል አንድም አዲስ ቃል ሳይፈጠር ሁሉ ነገር በየቦታው ይገባል። ቀለህ የሚለውን ቀልሃ ብሎ የሚጠራውና የሚጽፈው ብዙ ነው። የአጻጻፉን ጉዳይ መዝገበ ቃላት ይወስን፤ ቃሉ ግን ሕያው ነውና ባዕድ ቃል አያስፈልገውም።

2. ማጉረስና መሙላት

ረቂቁ ሥራውን ራሱን «ጥይት ማጉረስ» ብሎ ሰይሞታል። እንግሊዝኛው አንድ ግስ ለሁለት ሥራ ስለሚጠቀም፣ ማለትም ጠመንጃውን ለማጉረስም ባዶውን ቀለህ ለመሙላትም ስለሚናገርበት፣ ተርጓሚው ያንኑ አንድነት ወደ አማርኛ አምጥቷል። አማርኛ ግን በዚህ ረገድ ከእንግሊዝኛ የበለጠ ሀብታም ነው። ጠመንጃ ይጎርሳል፤ ሰውም ያጎርሰዋል። ባለ አምስት ጎራሽ፣ ባለ ስድስት ጎራሽ የሚለው የመሣሪያ አጠራር ከዚሁ የመጣ ነው። ቀለህ ግን አይጎርስም፤ ይሞላል። «በሚያጎርሱበት ጊዜ ከእሳት ይራቁ» የሚለው የረቂቁ ማስጠንቀቂያ ተኳሹን እንጂ በጠረጴዛ ላይ ባሩድ የሚመዝነውን ሰው የሚመለከት ሆኖ አይታይም። ማስጠንቀቂያው የታሰበው ግን ለመዛኙ ነበር።

ስለዚህ ለሥራው «ቀለህ መሙላት» ወይም በአጭሩ «ሙሌት»፣ ለመሣሪያው ብቻ «ማጉረስ» ይባል። በሪቮልቨሩ ላይ እያንዳንዱ ጥይት የሚገባበትን ቀዳዳ ረቂቁ «ክፍል» ብሎታል፤ ከጎራሽ ጋር የሚዛመደው «መጉረሻ» የተሻለ ነው። አንድ ማሳሰቢያ ልጨምር። የአረርና የባሩድ መጠን የሚደነገግበትን ሰንጠረዥ «ቅመራ» ማለት ያምራል፤ ባሩድ ቀመመ የሚለውም የቆየ አነጋገር ነው። ነገር ግን ቀማሚ ባሩዱን ራሱን የሚሠራ ነው። እዚህ ያለው ሰው የተዘጋጀውን ባሩድ ይመዝናል እንጂ አይቀምምም፤ በራሱ ሐሳብ እንዲለዋውጥም አይፈቀድለትም። ስለዚህ ቃሉ «ልክ» ይሁን፤ «የሙሌት ልክ» ሲባል መተላለፍ የሌለበት ወሰን መሆኑን ቃሉ ራሱ ይናገራል።

3. ግሬንና ግራም

ከዚህ በላይ ያሉት ጉድለቶች የሚያደናግሩ ናቸው፤ ይህኛው ግን የሚገድል ነው። የሙያው መመሪያዎች አረሩንም ባሩዱንም የሚመዝኑት ግሬን በተባለው አሮጌ የእንግሊዝ መለኪያ ነው። አንድ ግሬን 0.0648 ግራም ያህል ነው፤ በሌላ አነጋገር አንድ ግራም ከ15 ግሬን ይበልጣል። ለ.38 ስፔሻል የተለመደው የእርሳስ አረር 158 ግሬን ይመዝናል፤ ይህም 10.2 ግራም ነው። ረቂቁ በሦስት ቦታ «158 ግራም» ይላል። ይህ የሦስት የዶሮ እንቁላል ክብደት ነውና በአረሩ ላይ የደረሰው ስሕተት አስቂኝ ሆኖ ይቀራል። ያው ስሕተት በባሩዱ ላይ ሲደርስ ግን ልኩ ከ15 እጥፍ በላይ ይሆናል።

እንዲህ ያለ መጠን ከቀለሁ ስለማይገባ አንባቢው ስሕተቱን ያውቃል የሚል ይኖራል። አባባሉ ነገሩን በደንብ ካለማየት የመጣ ነው። ቀለሁ የሚይዘው ውሃ እንኳ 2 ግራም አይሞላም። መመሪያው ከዚያ የበለጠ ሲያዝ፣ ታዛዥ አንባቢ የሚያደርገው አፉ ድረስ መሙላት ነው። የቀድሞውን ጥቁር ባሩድ በወሬ የሚያውቅ ሰው ደግሞ ይህን ተገቢ አድርጎ ይቆጥረዋል። እዚህ ላይ ሁለተኛው የቃል ጉድለት ከመጀመሪያው ጋር ይጋጠማል፤ ረቂቁ የባሩዱን ዓይነት አይለይምና።

.38 ስፔሻል በስሚዝ ኤንድ ዌሰን ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1898 ሲወጣ፣ የቀለሁ ርዝመት የተወሰነው ከ20 ግሬን በላይ የሆነ ጥቁር ባሩድ እንዲይዝ ተብሎ ነው። ጥቁር ባሩድ የከሰል፣ የድኝና የጨው ጴጥሮስ ድብልቅ ነው፤ ቀለሁም እስኪሞላ ድረስ ይጨመራል። ጭስ አልባው ባሩድ ግን ከናይትሮሴሉሎስ የሚሠራ፣ በጣም የበረታ ሌላ ነገር ነው። በዛሬው ሙሌት የቀለሁን ጥቂት ክፍል ብቻ ይይዛል፤ አብዛኛው ባዶ ይቀራል። በዚህም የተነሣ በስሕተት ሁለት ጊዜ ቢጨመር እንኳ ሳይፈስስ ሊገባ ስለሚችል፣ ሞይዎች እያንዳንዱን ቀለህ በብርሃን ጎንበስ ብለው እንዲያዩ ይመከራሉ። የዚህ ጥይት የተፈቀደው ከፍተኛ ግፊት በአሜሪካ መለኪያ 17,000 ፓውንድ በካሬ ኢንች ነው። አፉ ድረስ በጭስ አልባ ባሩድ የተሞላ ቀለህ ይህን እጅግ አልፎ ሪቮልቨሩን በተኳሹ እጅ ላይ ያፈነዳዋል።

እንግዲህ «ባሩድ» ብቻ ማለት አይበቃም፤ «ጥቁር ባሩድ» እና «ጭስ አልባ ባሩድ» ተብሎ በየቦታው ይለይ። መለኪያውንም በተመለከተ፣ ግሬን የሚለውን ውሰት መቀበል ግድ ነው፤ ሆኖም በአማርኛ ፊደል ግሬንና ግራም እጅግ ይቀራረባሉና በአራሚም በአንባቢም ዓይን ይምታታሉ። ስለዚህ ሁልጊዜ ሁለቱ አብረው ይጻፉ፤ «158 ግሬን፣ ማለትም 10.2 ግራም» እንደ ማለት ነው። እንግሊዝኛው ይህንኑ ቃል የባሩዱን ፍሬ ለመጥራትም ይጠቀምበታል። በዚያ ስፍራ አማርኛው «ቅንጣት» ይበል እንጂ ግሬን አይበል።

4. በስም ውስጥ ያለ ቁጥር

ተርጓሚው ለአንባቢው በማሰብ ኢንቾችን ሁሉ ወደ ሚሊ ሜትር ቀይሯል፤ ይህ በመሠረቱ መልካም ነው። ነገር ግን .38 የሚለውንም መለኪያ ነው ብሎ «ልዩ 9.65 ሚሊ ሜትር» አድርጎታል። ቁጥሩ የተወረሰው የቆዩ ሪቮልቨሮች አረራቸው ከቀለሁ ውጫዊ ስፋት ጋር እኩል በነበረበት ዘመን ነው። በኋላ አረሩ ወደ ቀለሁ ውስጥ እንዲገባ ሲደረግ ቀጠነ፤ ስሙ ግን ባለበት ቀረ። የዛሬው የ.38 ስፔሻል በርሜል የሚፈልገው 0.357 ኢንች፣ ማለትም 9.07 ሚሊ ሜትር ያህል ነው፤ የእርሳስ አረርም አብዛኛውን ጊዜ በ0.358 ኢንች ይስተካከላል። በረቂቁ አኀዝ አረር የሚያስቀርጽ ሰው ከበርሜሉ ከግማሽ ሚሊ ሜትር በላይ የሚሰፋ አረር ያገኛል።

እንዲህ ያለው ቁጥር መጠን መሆኑ ቀርቶ ስም ሆኗል፤ ስም ደግሞ አይመነዘርም። «ስፔሻል» የሚለውም እንዲሁ ነው። «ልዩ» ብሎ የተረጎመው ሰው የቀረውን «ማግነም» ባለበት ትቶታል፤ ደንቡ አንድ መሆን ነበረበት። እ.ኤ.አ. በ1935 የወጣው .357 ማግነም ያንኑ ስፋት ያለውን አረር ይጠቀማል፤ ቀለሁ ግን ከ3 ሚሊ ሜትር በላይ ይረዝማል፤ የተፈቀደለት ግፊትም 35,000 ፓውንድ በካሬ ኢንች ነው። የሁለቱ ስሞች መደባለቅ የሁለቱን የሙሌት ልክ ያደባልቃልና፣ ስሞቹ በፊደል ብቻ ተገልብጠው ሳይተረጎሙ ይቀመጡ።

5. የአካል ስሞችና የማዕድን ስሞች

እንግሊዝኛው የቀለሁን ግርጌ ራስ ይለዋል። ረቂቁም «የቀለሁን ራስ መሰንጠቁን ይመርምሩ» ብሏል። በአማርኛ ራስ ላይ ነው፤ አንባቢው አረሩ የሚሰካበትን ወገን ይመረምርና የታዘዘውን ወገን ሳያይ ያልፋል። ለዕቃ አፍና ግርጌ ያለው ሕዝብ ለቀለህ አዲስ ስም አይቸግረውም። አፉ አፍ፣ ታችኛው ግርጌ፣ በግርጌው ዙሪያ ወጣ ያለው ጠርዝ ይባል። የቀለሁ አፍ አረሩን እንዲይዝ ወደ ውስጥ የሚታጠፍበትን ሥራ ረቂቁ በፊደል ገልብጦ «ክሪምፕ» ብሎታል። «ማስጨበጥ» ቢባል ጥቅሙ ጭምር ይገባል፤ በደንብ ያልተጨበጠ አረር በተኩስ ርግጫ ከቀለሁ ወደ ፊት እየወጣ የሪቮልቨሩን ዙረት ያግዳልና።

የሚዞረውን ክፍል ረቂቁ «ሲሊንደር» ይለዋል። ይህን ስሕተት አልለውም፤ ሆኖም ጀርመንኛና ሩስኛ ያንኑ ክፍል የሚጠሩት በከበሮ ስም መሆኑን ላስታውስ። «ከበሮ» ለአማርኛም የሚከብድ አይመስለኝም። በአንጻሩ ለዚሁ ክፍል ከግዕዝ ሁለት ቃል አጋጥሞ ሦስተኛ መፍጠር አላስፈላጊ ነው። የታወቀ ቃል ሲጠፋ ነው ወደ ግዕዝ፣ ያም ካልሆነ ወደ ውሰት የሚኬደው።

የማዕድን ስሞች የበለጠ ጥንቃቄ ይሻሉ። እርሳስ ብቻውን ለስላሳ ስለሆነ አረሩ እንዲጠነክር ቆርቆሮና አንቲሞኒ ይጨመርበታል። «ጥቂት ቆርቆሮ ይጨምሩ» ሲባል ግን አንባቢው የሚያስበው የቤት ክዳን ነው፤ ክዳኑ ደግሞ ዚንክ የተለበጠ ብረት ነው፤ ዚንክም ቅልጡን እርሳስ ያበላሸዋል። የግዕዙን ናእክ ማምጣት የሚገባው ለሊቃውንት ብቻ ይሆናል። «ነጩ ቆርቆሮ፣ ማለትም በብየዳ የሚቀልጠው ማዕድን» ብሎ አንድ ጊዜ ማብራራት ይሻላል። የማተሚያ ፊደል ይቀረጽበት የነበረው የላይኖታይፕ ብረትም የእነዚሁ የሦስቱ ድብልቅ ነው። ሙያተኞቹ ከማተሚያ ቤቶች እየገዙ ወደ አረር ይለውጡት እንደነበር ሲነገር ለፊደል ሰዎች ጥቂት ያሳዝናል።

ከሁሉ የሚያስደነግጠው ግን ይህ ነው፦ «እርሳስ ከያዙ በኋላ ሳይታጠቡ ምግብ አይብሉ።» ለአማርኛ አንባቢ እርሳስ አስቀድሞ መጻፊያው ነው። ይህን ያነበበ ሁሉ ፈገግ ብሎ ያልፋል። መጻፊያው ውስጥ ያለው ግራፋይት እንጂ እርሳስ አይደለም፤ ማዕድኑ እርሳስ ግን በእጅና በአቧራ ወደ ሰውነት ገብቶ የሚመርዝ፣ ልጆችን በተለይ የሚጎዳ ነው። ማስጠንቀቂያው ቢያንስ «መርዛማው ማዕድን እርሳስ» ማለት ነበረበት። በሌላ ስፍራ ደግሞ በርሜል ውስጥ የሚቀረውን የእርሳስ ልባጭ የሚያመለክተው ቃል በእንግሊዝኛ ከ«መምራት» ጋር በአጻጻፍ ስለሚመሳሰል፣ ረቂቁ «አረሩ ከቀጠነ በርሜሉን ይመራዋል» ብሏል። የተፈለገው አረሩ ከቀጠነ ትኩሱ ጋዝ በጎኑ እያለፈ ያቀልጠዋል፤ በርሜሉም እርሳስ ይለብሳል ለማለት ነበር።

6. መደምደሚያ

ተርጓሚው ድካሙን አልቆጠበም፤ ዐረፍተ ነገሮቹ ጥሩ አማርኛ ናቸው፤ ለለኳሹ የሰጠውንም ስም እኔ ራሴ ከእርሱ ወስጄ ከላይ ተጠቅሜበታለሁ። ጉድለቱ የቋንቋ ሳይሆን የአሠራር ነው። ዕቃውን ሳያይ፣ ጠረጴዛው አጠገብ ሳይቆም፣ ቃልን በቃል ተረጎመ። አባቶቻችን እነዚህን መሣሪያዎች ሲቀበሉ እንዲህ አላደረጉም። ስናይደርን ሰናድር፣ የፈረንሳዩን ግራ ውጅግራ፣ የቤልጅጉን በልጅግ ብለው ስሙን ወሰዱ፤ ክፍሉንና ሥራውን ግን አፈሙዝ፣ ሰደፍ፣ ቀለህ፣ ጎረሰ እያሉ በራሳቸው አፍ ጠሩት። ስሙ ይወሰድ፣ ሥራው በአማርኛ ይነገር የሚለው ይህ ልማድ በየትም አልተጻፈም፤ ግን ከብዙ የስያሜ መመሪያዎች የተሻለ ነው።

ስለዚህ ረቂቁ ከመታተሙ በፊት ሁለት ነገር እንዲደረግ እጠይቃለሁ። አንደኛ፣ አኀዞቹ ሁሉ ከምንጩ ጋር በሁለተኛ ሰው ይነጻጸሩ፤ ግሬን ያለ ግራም አቻው አይጻፍ። ሁለተኛ፣ ሥራውን የሚያውቅና እንግሊዝኛ የማያነብ አንድ አማርኛ ተናጋሪ ተፈልጎ፣ ጽሑፉን ሲያነብና በባዶ ቀለህ፣ ያለ ባሩድና ያለ ለኳሽ፣ ሲያሳይ ይታይ። እጁ በተሳሳተበት ቦታ ሁሉ የተሳሳተው ቃሉ ነው፤ የሚታረመውም እርሱ ነው።